ከአክሱም እስከ ላስታ፦ ኒዮክላሲካል ጥበብ እና የጥንቱ ዓለም ፍቅር

በራያ ቆላ፣ የማሽላ ማሳ በከበበው አዳራሽ ውስጥ ስለ አውሮጳ ሥዕልና ሕንፃ መናገር ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ነገር ሳይመስል አይቀርም። ርእሱ በተነገረ ጊዜ አንድ ተማሪ ቀረብ ብሎ፣ «መምህር፣ እኛ ዘንድ እኮ ጥንታዊ ነገር የለም። ጥንታዊው ወይ አክሱም ነው ወይ ላሊበላ፤ እኛ በመካከል መንገድ ላይ ነን» አለኝ። ቅሬታ አልነበረበትም፤ ሁሉም የሚያውቀውን ነገር እንደሚናገር ሰው ነበር የተናገረው።

ይህ አባባል ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። ስለዚህ የዛሬው ንግግሬ በአንድ የአውሮጳ የጥበብ ዘመን ላይ ብቻ አይወሰንም። ሰዎች የጥንቱን ዓለም በወደዱ ጊዜ ከጥንቱ ውስጥ ምን መርጠው እንዳነሡ፣ ምንስ ትተው እንዳለፉ ልመረምር እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ኒዮክላሲካል የምንለው የጥበብ ዝንባሌ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ በአውሮጳ ተነሥቶ እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት የነገሠ ነው። ክላሲካል የሚባለው የጥንታዊት ግሪክና የጥንታዊት ሮም ጥበብ ሲሆን፣ ኒዮ ማለት አዲስ ማለት ነው። ነገሩን ያቀጣጠለው ቁፋሮ ነበር። በ79 ዓ.ም. የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ ቀብሯቸው የነበሩ ሁለት የሮማውያን ከተሞች፣ ሄርኩላኔየም በ1738፣ ፖምፔይ በ1748 መቆፈር ጀመሩ። በ1751 ደግሞ ጄምስ ስቱዋርትና ኒኮላስ ሬቬት የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን አቴና ወርደው የቆሙትን ቤተ መቅደሶች አንድ በአንድ ለክተው ሣሉ፤ የሥራቸው የመጀመሪያ ቅጽ በ1762 ለንደን ላይ ታተመ። ከዚያ በፊት የአውሮጳ ምሁር ግሪክን የሚያውቃት በአብዛኛው በመጻሕፍት ነበር። አሁን በክንድና በጣት አወቃት።

ከዚህ በኋላ ጥንቱ በየቦታው ብቅ ይል ጀመር። ቶማስ ጄፈርሰን በፈረንሳይ ኒም ከተማ የሚገኘውን የሮማውያን ቤተ መቅደስ አብነት አድርጎ የቨርጂኒያን ምክር ቤት ነደፈ። በርሊን ከ1788 እስከ 1791 የአቴናን አክሮፖሊስ መግቢያ የሚያስታውስ በር አቆመች። ዣክ ሉዊ ዳቪድ በ1784 ሮም ተቀምጦ ሦስት ወንድማማቾች በአባታቸው ፊት እጃቸውን ዘርግተው ለአገራቸው ሲምሉ፣ ሴቶቹ ደግሞ በአንድ ጥግ አንገታቸውን ደፍተው ሲያዝኑ የሚያሳየውን ሥዕሉን ሣለ። ይህን ሥዕል ያዘዘው የንጉሡ መንግሥት ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ንጉሡን የጣለው አብዮት የራሱ ሥዕል አድርጎ አየው። ናፖሊዮንም ተነሥቶ የድል ቅስቱን በ1806 አስጀመረ። እንግዲህ ንጉሡም፣ አብዮተኛውም፣ ባሪያ ፈንጋዩ ሪፐብሊክም፣ ንጉሠ ነገሥቱም የጥንቱን ልብስ በየተራ ተውሰው ለበሱት። ጥንቱ ሙት ስለሆነ ለማን እንደሚያውስ አይመርጥም፤ የሚመርጠው ተዋሹ ነው።

የዚህ ፍቅር ዋነኛ ሊቅ ዮሐን ዮአኪም ቪንክልማን የተባለ የጫማ ሠሪ ልጅ ነበር። በ1755 ስለ ግሪክ ጥበብ ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍና በ1764 ባወጣው ታላቅ የጥበብ ታሪኩ አውሮጳ ግሪክን የምታይበትን ዓይን ቀረጸ። የሚገርመው ግን ቪንክልማን ግሪክን ረግጦ አያውቅም። ያየው በአብዛኛው ሮማውያን ከግሪክ የቀዱትን ቅጂ ነው፤ ያም ቅጂ ዝናብና አፈር ቀለሙን ያጠበለት ነጭ እብነ በረድ ነበር። ነጩም ድንጋይ የውበት መለኪያ ሆኖ ቀረ። የጥንት ግሪካውያን ግን ሐውልቶቻቸውን በቀይ፣ በሰማያዊና በወርቅ ያስጌጡ ነበር። ከጊዜ በኋላ ይህ ቢታወቅም የነጩ ፍቅር አልበረደም፤ በ1930ዎቹ መጨረሻ በብሪቲሽ ሙዚየም ከአቴና የመጡት የፓርቴኖን ቅርጾች ይበልጥ እንዲነጡ ተብሎ ገጻቸው በብረት መሣሪያ ተፋቀ። ፍቅሩ የወደደውን ነገር ከምናቡ ጋር እንዲመሳሰል አስገደደው ማለት ነው። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ አንድ ሌላ ሰው ልለፍ። ማርክ አንቷን ሎዢዬ የተባለ ፈረንሳዊ ቄስ በ1753 ስለ ሕንፃ ጥበብ አንድ መጽሐፍ ጻፈ። በ1755 በወጣው ሁለተኛ እትም መግቢያ ላይ ያለው ሥዕል በጥበብ ታሪክ ተማሪ ሁሉ ዘንድ የታወቀ ነው። አንዲት ሴት በፈረሰ የጥንት ሕንፃ ፍርስራሽ ላይ ተቀምጣ በጣቷ ወደ አንዲት ጎጆ ትጠቁማለች። ጎጆዋ አራት የቆሙ ዛፎች፣ በላያቸው የተጋደሙ ግንዶች፣ ከነዚያም በላይ እንደ ክዳን የተዘነበሉ ቅርንጫፎች ናት። ሎዢዬ ለማለት የፈለገው ግልጽ ነው፦ የድንጋይ ዓምድ ሁሉ ሥሩ ምሰሶ ነው፤ ታላቁ የሕንፃ ጥበብ ከጎጆ ተወለደ።

ሐሳቡ ፈጽሞ አዲስ አልነበረም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ሮማዊው መሐንዲስ ቪትሩቪየስ፣ በግሪክ ቤተ መቅደሶች ግንባር ላይ በረድፍ የሚታዩት ሦስት ሦስት መስመር ያላቸው ጌጦች ቀድሞ የእንጨት አግዳሚዎች ጫፍ እንደነበሩ ጽፏል። ቤተ መቅደሱ ከእንጨት ወደ ድንጋይ በተሻገረ ጊዜ አናጢው የሚያውቀውን ቅርጽ ግንበኛው በድንጋይ አስቀረው። ይህን የቪትሩቪየስን ማብራሪያ ዛሬ የሚጠራጠሩት ሊቃውንት አሉ፤ ነገር ግን ኒዮክላሲካሎቹ አምነውበታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የሎዢዬን ጎጆ የሣለው ሰዓሊ ፓሪስ ተቀምጦ ከምናቡ ነው የሣላት። ጭቃ የላትም፣ ማገር የላትም፣ ክዳኗም ዝናብ የሚያሳልፍ ነው። ሎዢዬ ወደ ዋጃ ብቅ ቢል ኖሮ አባቶቻችን ጎጆ እንዲህ እንደማትቆም ሳይስቁ አይነግሩትም ነበር።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። የግሪኩ ጉዳይ የሊቃውንት ክርክር ሲሆን፣ በእኛ አገር ግን ድንጋይ እንጨትን መምሰሉ ማንም በዓይኑ ሊያየው የሚችል ነገር ነውና።

ከአክሱም ሐውልቶች ታላቁ፣ የወደቀው፣ 33 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ክብደቱም ወደ 520 ቶን ይገመታል። ወደ ሮም ተወስዶ የተመለሰው ደግሞ 24 ሜትር ገደማ ቁመትና 160 ቶን ያህል ክብደት አለው። በ3ኛውና በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በታላላቅ ሰዎች መቃብር ላይ የቆሙ ናቸው። ቀረብ ብሎ ለሚያያቸው ግን የመቃብር ምልክት አይመስሉም፤ ቤት ይመስላሉ። ከታች በር ተቀርጿል፤ በሩ ላይ ቀለበት አለ። ከበሩ በላይ ፎቅ በፎቅ ላይ ተደርድሯል፤ በየፎቁ መስኮት አለ፤ በየፎቁም መካከል ክብ ክብ የእንጨት ጫፎች በረድፍ ወጣ ብለው ይታያሉ። በሩ አይከፈትም፤ መስኮቱ ብርሃን አያስገባም፤ የእንጨቱም ጫፍ እንጨት አይደለም። ሁሉም ከአንድ ወጥ ድንጋይ የወጣ ነው።

እነዚህ ክብ ጫፎች በተለምዶ የዝንጀሮ ራስ ይባላሉ። ምን እንደሆኑ የሚገባን የአክሱማውያንን ቤት አሠራር ስናውቅ ነው። አክሱማውያን ግድግዳቸውን የሚገነቡት በኖራ ሳይሆን በጭቃ በተያያዘ ድንጋይ ነበር። ጭቃ ደካማ ማያያዣ ነው፤ ግድግዳው ከፍ ባለ ቁጥር ይሸሻል፣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በየተወሰነ ከፍታ በግድግዳው ርዝመት ልክ የተጠረበ እንጨት ያጋድሙ ነበር፤ ያንን እንጨት ደግሞ ግድግዳውን ከውጭ ወደ ውስጥ ሰንጥቀው በሚያልፉ አጫጭር ድቡልቡል እንጨቶች ያስሩታል። የእነዚያ ማሠሪያዎች ጫፍ ነው ከግድግዳው ወጥቶ የሚታየው። የበሩና የመስኮቱም መቃን እንዲሁ ማዕዘኑ ላይ ጫፉን አውጥቶ ይገጠማል። እንግዲህ ጌጥ የሚመስለን ሁሉ ሥራ ነበረው፤ ቤቱን እንዳይፈርስ የያዘው እርሱ ነው። ደብረ ዳሞን ያየ ሰው ይህን አሠራር በእውነተኛ እንጨት ዛሬም ያገኘዋል።

የዓለም ሁሉ ምሁር የሚያደንቀው የአክሱም ድንጋይ፣ እንግዲህ፣ የእንጨትና የጭቃ ቤት ምስል ነው። ይህን ስናገር ሐውልቱን ለማሳነስ አይደለም። ከባዱን ድንጋይ ጠርበው ያቆሙት ሰዎች ከሁሉ የላቀ ክብር ይገባዋል ብለው የመረጡት ቅርጽ አናጢው በየዕለቱ የሚሠራውን ቤት መሆኑን ለማስታወስ ነው።

ከዋጃ ሆነን ወደ ምዕራብ ብንመለከት የሚታየን የተራራ ግንብ ጀርባው ላስታ ነው። ከላሊበላ በሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ወገብ ላይ ባለ ሰፊ ዋሻ ውስጥ የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። ከላሊበላ ንጉሥ በፊት በነገሠው በይምርሐነ ክርስቶስ ስም የሚጠራ ሲሆን፣ ግድግዳው አንድ ረድፍ በነጭ የተለሰነ ድንጋይ፣ አንድ ረድፍ የጠቆረ እንጨት እየሆነ ከታች እስከ ላይ ይወጣል። አክሱም ከገናናነቷ ከወደቀች ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል፤ ዋና ከተማው ወደ ደቡብ ወርዷል፤ ነገሥታቱም ሌላ ቤተሰብ ናቸው። ግንቡ ግን አክሱማዊ ነው። በዋሻ ውስጥ ስለሆነ ዝናብ አይነካውም፤ እንጨቱ እንዳለ አለ።

ከይምርሐነ ክርስቶስ ወደ ላሊበላ ወርደን በቤተ አማኑኤል ፊት ስንቆም ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ቤተ አማኑኤል ውቅር ነው። ጠራቢዎቹ ዐለቱን ከላይ ወደ ታች እየቆፈሩ ዙሪያውን ለቅቀው፣ ውስጡን ፈልፍለው አንድ ወጥ ቤት አወጡ። እንዲህ ያለ ቤት አግዳሚ እንጨት አይፈልግም፤ ማሠሪያ አይፈልግም፤ ሊሸሽ የሚችል ጭቃም የለበትም። ነገር ግን ግድግዳው አንድ ጊዜ ወጣ፣ አንድ ጊዜ ገባ እያለ በአግድም መስመር ተከፋፍሏል፤ አንዱ መስመር የእንጨቱ፣ ሌላው የድንጋዩ ረድፍ ምስል ነው። በመስኮቱና በበሩ ማዕዘን ላይ የመቃኑ ጫፍ ወጥቶ ይታያል። ጠራቢው እነዚህን ለመቅረጽ ሲል ብቻ ተጨማሪ የድካም ወራት አሳልፏል። ያለ ሥራ የቆመ ወራጅ፣ ያለ ጭነት የተጋደመ አግዳሚ።

እኔ ራሴ ለብዙ ዓመታት ይህን ለተማሪዎቼ «የአክሱም ቅጂ» እያልሁ ሳስተምር ነበር። ቅጂ የሚለው ቃል ውስጥ ንቀት እንዳለ አላስተዋልሁም። ያስተዋልሁት ከቤተ አማኑኤል ሥር ቆሜ አንገቴን ቀና ባደረግሁ ጊዜ ነው። ቅጂ የሚሠራ ሰው የሚቀዳውን ነገር ከፊቱ አስቀምጦ ይመለከታል፤ ይህን የቀረጸው ሰው ግን የእንጨቱ ግድግዳ እንዴት እንደሚያያዝ በእጁ የሚያውቅ ሰው ነው። ምናልባትም አባቱ ወይም አያቱ ይምርሐነ ክርስቶስን የመሰለ ቤት አንጾ ይሆናል።

ከአውሮጳ ጋር ሳነጻጽር ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የአውሮጳው ኒዮክላሲካል ጥንቱን ያገኘው ቆፍሮ ነው፤ በእርሱና በፖምፔይ መካከል ከ1600 ዓመታት በላይ አለ። የላስታው ጠራቢ ግን አልቆፈረም። እጁ ላይ የነበረውን ነው ወደ ዐለት ያሸጋገረው። አንዳንድ ጸሐፊዎች የዛጉዌን ዘመን «የአክሱም ትንሣኤ» ይሉታል። እኔ ግን ትንሣኤ ከማለት እቆጠባለሁ፤ ያልሞተ ነገር አይነሣምና። የሆነው ሆኖ በቤተ አማኑኤል ላይ ምርጫ አለ። የእንጨቱ ቅርጽ በማያስፈልግበት ቦታ ሲቀረጽ፣ ቅርጹ ንግግር ሆኗል፤ «እኛም የዚያ ቤት ሰዎች ነን» የሚል ንግግር።

ይህ ንግግር ለማን ነበር? የዛጉዌ ነገሥታት ከአክሱም የዘር ሐረግ አለመምጣታቸው በሕይወታቸውም ከሞታቸውም በኋላ ሲነሣባቸው ኖሯል። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተጠናቀረው ክብረ ነገሥት የዘራቸውን ሕጋዊነት አይቀበልም። እነርሱ ግን በዘር የተነፈጉትን በግንብ ተናገሩት። የላሊበላው ቤተ መድኃኔ ዓለም አምስት ረድፍ ወለል አለው፤ በ1520ዎቹ አገራችንን የጎበኘው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በኋላ በጦርነት የጠፋችውን የቀድሞዋን አክሱም ጽዮንን ሲገልጻት አምስት ረድፍ እንደነበራት ጽፏል። ከዚህ ተነሥተው ቤተ መድኃኔ ዓለም የአክሱም ጽዮን መታሰቢያ ሆኖ ተፈለፈለ የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። በድንጋይ የተመሰከረ ማስረጃ ባይገኝለትም እኔ ከሚያምኑት ወገን ነኝ።

ከዚህ የሚቀጥለው ለእኔ ከሁሉ ይበልጥ የሚደንቀኝ ነው። በ1270 ዛጉዌን ጥሎ የነገሠው ይኩኖ አምላክ «መንግሥቱን ወደ ሰሎሞን ዘር መለሰ» የተባለለት ንጉሥ ነው። ከላሊበላ በስተምሥራቅ በእርሱ ዘመን የተፈለፈለች ገነተ ማርያም የምትባል ቤተ ክርስቲያን አለች፤ በግድግዳዋም ላይ የንጉሡ ሥዕል ይገኛል። ቅርጿን የተመለከተ ሰው ዙሪያዋን ከበው የቆሙትን ዓምዶች ሲያይ ወዲያው ቤተ መድኃኔ ዓለምን ያስታውሳል። ወራሪ ናቸው ብሎ የጣላቸውን ሰዎች ሕንፃ አብነት አድርጎ ቤተ ክርስቲያን አስፈለፈለ ማለት ነው። የጥንቱን ክብር የተቀበለው በእነርሱ እጅ በኩል ነበር፤ ሌላ መንገድ አልነበረውም።

እንግዲህ ወደ 1937 እንሻገር። ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ከወረረች በኋላ ሙሶሊኒ ራሱን የጥንታዊት ሮም ወራሽ አድርጎ ያሳይ ነበር። በዚያ ዓመት መስከረም የአውግስጦስ ቄሣር ልደት 2000ኛ ዓመት ታላቅ ኤግዚቢሽን ሮም ላይ ተከፈተ። በጥቅምት 28 ደግሞ፣ ፋሺስቶች ሥልጣን የያዙበት 15ኛ ዓመት ሲከበር፣ ከአክሱም ተቆራርጦ የተወሰደው ሐውልት በአፍሪካ ቅኝ ግዛት ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ቆሞ ተመረቀ። ቦታው ጥንት የሮማውያን ፈረስ መጋለቢያ ከነበረው ከሰርከስ ማክሲመስ አጠገብ ነው።

ቦታው በአጋጣሚ አልተመረጠም። የሮም ነገሥታት ከግብፅ ሐውልት እያመጡ ማቆም ልማዳቸው ነበር፤ አውግስጦስ አንዱን እዚያው ሰርከስ ማክሲመስ አቁሞታል። በ357 ደግሞ ቆንስጣንጢዮስ ዳግማዊ ሌላ ከሁሉ የሚረዝም የግብፅ ሐውልት በዚያው ስፍራ አቆመ። ይህ ንጉሠ ነገሥት ማን እንደሆነ ልብ በሉ፦ በዚያው ዘመን ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ስለ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጉዳይ ደብዳቤ የጻፈው እርሱ ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሮም ለአክሱም የምትጽፈው መንግሥት ለመንግሥት እንደሚጽፍ ነበር። በ1937 ግን ያችን አክሱም ምርኮ አድርጋ ከግብፁ ሐውልት ስፍራ አጠገብ ተከለቻት። ስሙንም «ኦቤሊስክ» አሉት። ኦቤሊስክ ግን ጫፉ ሹል የሆነ የግብፅ ሐውልት ነው። የአክሱሙ ግን ቤት ነው፤ በር አለው፣ ወራጅ አለው። ቪንክልማን ቀለሙን እንዳላየ ሁሉ ፋሺስቶቹም ቤቱን አላዩትም፤ ሮም የለመደችውን ምርኮ ነው ያዩት።

ሐውልቱን እንዲህ የወደደው ወራሪ ለእውነተኛው ቤት ምን አደረገለት? በ1906 ኤኖ ሊትማን የመራው የጀርመን የጥናት ቡድን አክሱም ላይ የጥንት ቤተ መንግሥቶችን መሠረት አጥንቶ ነበር፤ መሐንዲሱ ዳንኤል ክሬንከርም ንድፋቸውን በጥንቃቄ አስቀርቷል። ከነዚህ ሁሉ የሚሰፋው ታዕካ ማርያም ነበር፤ በግእዝ ታዕካ ማለት ቤተ መንግሥት ነው። በወረራው ዘመን ኢጣሊያውያን የመኪና መንገድ በላዩ አሳለፉበት። የቤቱ ምስል በመርከብ ተጭኖ ሮም ሲከበር፣ ቤቱ ራሱ በመንገድ ሥር ተቀበረ። ዛሬ ታዕካ ማርያምን ማጥናት የሚፈልግ ሰው የክሬንከርን ንድፍ መክፈት አለበት።

በደጃችን የሚያልፈው ከአስመራ ወደ አዲስ አበባ የሚዘልቀው መንገድም የዚያው ዘመን ሥራ ነው። ከኮረም ወደ አላማጣ የሚወርደውን የግራ ካሕሱን ጠመዝማዛ ያየ ሁሉ የመሐንዲሶቹን ችሎታ አይክድም። እኔም አልክድም፤ ትናንት በእርሱ ነው የመጣሁት። ግን ያ ተማሪ «መንገድ ላይ ነን» ሲለኝ፣ አክሱም ላይ ቤተ መንግሥቱን የሰነጠቀው መንገድ ትዝ አለኝ።

ከድሉ በኋላ ያለው ታሪክ ስለሚታወቅ በአጭሩ ልለፈው። ኢጣሊያ በ1947ቱ የሰላም ውል የዘረፈችውን ቅርስ በ18 ወራት ውስጥ እንድትመልስ ተገደደች። ሐውልቱ የተመለሰው በ2005 ነው፤ 18ቱ ወራት 58 ዓመት ሆኑ። በመካከሉ በ2002 መብረቅ መታው፤ በ2003 ተነቀለ፤ በሦስት ተከፍሎ በግዙፍ የጭነት አውሮፕላን አክሱም ገባ፤ በመስከረም 2008 በቀድሞ ስፍራው ቆሞ ተመረቀ።

እኛስ ጥንታችንን እንዴት ወደድነው? ይህ ጥያቄ ለሮም ብቻ መቅረት የለበትም። አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ የቆመው የየካቲት 12 ሐውልት የዩጎዝላቪያ ቀራጮች ሥራ ሲሆን ቅርጹ ኦቤሊስክ ነው፤ በአራዳ የቆመው የምኒልክ ሐውልት፣ ንጉሥን በፈረስ ላይ የማሳየቱ ልማድ፣ ቀጥታ ከሮም በአውሮጳ በኩል የመጣ ነው። በ1960ዎቹ በአክሱም የታነጸችው አዲሲቱ ጽዮን ማርያም የደወል ማማዋ የሐውልቱን መልክ ይዟል። ዛሬ ደግሞ በየሆቴሉ በር፣ በየአደባባዩ ከሲሚንቶ የተሠራ ትንሽ የአክሱም ሐውልት እናያለን። ብዙውን ጊዜ ቁመቱና ክብ አናቱ አለ፤ በሩ የለም፣ የእንጨቱ ጫፍም ወይ ተሰርዟል ወይ እንደ ዶቃ ተድቦልቡሎ የትርጉም ርዝራዥ አይቀርበትም። እኛም እንደ ፋሺስቱ ቤቱን ማየት አቁመናል ለማለት እፈራለሁ፤ ግን ወደዚያ እያዘነበልን ነው።

ለዚህ ነው የተማሪዬን አባባል በዝምታ ማለፍ ያልፈለግሁት። የዋጃ ጎጆ የአክሱም ቤት ነው አልልም፤ ያ ሌላ ዓይነት ሐሰት ይሆናል። ቅርጹ ሌላ፣ አየሩ ሌላ፣ ክዳኑም የማሽላ አገዳ ነው። ነገር ግን አክሱም ላይ ያለውን ድንጋይ ለማንበብ የሚያስፈልገው እውቀት፣ ማለትም እንጨት ጭቃን እንዴት እንደሚይዝ፣ ጭቃ የት ላይ እንደሚከዳ፣ በመጻሕፍት ቤት ሳይሆን በዚህ አዳራሽ ውስጥ በተቀመጡ አዛውንት እጅ ነው ያለው። እርሱም ከብሎኬትና ከቆርቆሮ ጋር እየተሽቀዳደመ ነው፤ ቤቱ ሲለወጥ የወራጁና የማገሩ ስም አብሮ ይሄዳል። የታሪክ ክፍል ተማሪዎች በዚህ ዓመት የመመረቂያ ጽሑፋችሁን በዚህ ላይ ብትሠሩ እኔ ለማማከር ዝግጁ ነኝ፤ ሜትርና ደብተር ብቻ ነው የሚያስፈልጋችሁ።

አንድ ነገር ነግሬያችሁ ልጨርስ። ትናንት ማምሻውን ከአንድ የአካባቢው አዛውንት አናጢ ጋር ተቀምጬ ነበር። ከስልኬ የአክሱምን ሐውልት ፎቶግራፍ አሳየኋቸው፤ እነዚያን ክብ ጫፎችም አተለቅሁላቸው። ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምነግራቸው ማሠሪያው ግድግዳውን አቋርጦ ስለሚያልፍ ጫፉ ወጥቶ ይታያል እያልሁ ነው፤ ለምን ከግድግዳው እኩል እንደማይቆረጥ ግን ጠይቄ አላውቅም። «አባቴ፣ ይህ ጫፍ ለምን ይመስልዎታል ወጣ ብሎ የቀረው? ለጌጥ ነው?» አልኋቸው።

ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ረዘም ላለ ጊዜ አዩት። ከዚያም፣ «ልጄ፣ እንጨት የሚሰነጠቀው ከጫፉ ነው» አሉኝ። «ማሠሪያህን ጫፉ ላይ ካደረግኸው ሲደርቅ ተሰንጥቆ ይለቅብሃል። ስለዚህ ጫፉን ታስረዝመዋለህ፤ እርሱ ይሰንጠቅ፣ ማሠሪያው ይቆይ። ይህን የቀረጸው ሰው ድንጋይ ጠራቢ ነው ትለኛለህ፤ እኔ ግን አናጢ ነው እላለሁ።»